በዶን ሊሳንድሮ ጆሮ ውስጥ

የቴንቻ ቃል ሜክሲኮን ለስንት ዓመት ሲያስለቅስ ኖረ፤ የቴንቻን ድምፅ የሰማ ግን ከስቱዲዮው ውጭ አንድ ሰው የለም። መታወቂያዋ ላይ ሆርቴንሲያ ኦልቬራ ትባላለች፤ ከመታወቂያዋ ወዲያ በዚህ ስም የሚጠራት የለም። ሥራዋ በተዋንያን ጆሮ ሹክ ማለት ነበር። እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ቃል የሚሸመድድ ተዋናይ የለም። ጠዋት የተጻፈው ከሰዓት ይቀረጻል፤ ለመሸምደድ ጊዜ ያለው ማን ነው? ሁሉም ባቄላ የምታህል ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ይሰካሉ። ቴንቻ ከመስታወቱ ጀርባ ማይክሮፎኗ ፊት ተቀምጣ የሁሉንም ቃል እያነበበች ታቀብላለች። “ልጄን መልስልኝ” ትላለች ቴንቻ፣ የጎመን ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው፤ ተዋናይቱ ደረቷን ደቅታ “ልጄን መልስልኝ!” ስትል አገር ምድሩ መሀረብ ፍለጋ ይነሳል።

ሁለት ዓይነት ድምፅ ነበራት። ለንግግር ቀለል ያለውን፣ ለትእዛዝ ደግሞ ዝቅና ደረቅ ያለውን። “ወደ በሩ ሂጂ”፣ “አሁን አልቅሺ”፣ “ክንዱን ያዢው” የሚለው በዚህ በሁለተኛው ነው። እዚያ ቤት ተዋናይ ነኝ ለማለት መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ድምፆች መለየት ግድ ነበር። ማልቀሱ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ስቱዲዮ የገባችው ልብስ ተኳሽ ሆና ነው። አንድ ቀን ሹክ ባዩ ሰውዬ ጉሮሮው ተዘጋና “ማንበብ የሚችል አለ?” ሲባል ካውያውን አስቀምጣ ብድግ አለች። ዳይሬክተሩ ጥቂት አዳመጣትና “የዚች ሴትዮ ድምፅ ጨው የለውም፣ ቅመም የለውም፤ በሉ ያዟት” አለ። ከዚያ ወዲህ ለሥራዋ የሰማችው ምስጋና ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬም ትኮራበታለች።

ጆሮ ካዋሷት ተዋንያን ሁሉ የሚበልጡባት ዶን ሊሳንድሮ ባርሴናስ ነበሩ። በጎልማሳነታቸው አፍቃሪ፣ ቆይተው ከሃዲ ባል፣ ሲሸብቱ ደግሞ ባለርስት አባት ሆነው ሲተውኑ፣ አንዲት መስመር ቃል ቤታቸው ይዘው ገብተው አያውቁም። “መሸምደድ የተማሪ ቤት ሥራ ነው፤ የኔ ሥራ መቃጠል ነው” ይሉ ነበር፤ ይቃጠሉም ነበር። ከሃዲ ባል በሆኑበት ዓመት ገበያ መሀል አንዲት አሮጊት በዘንቢሏ ጀርባቸውን ብትላቸው፣ እሱን እንደ ሽልማት ለየሰዉ ሲያወሩት ኖሩ።

ልጃቸውን የዳሩ ቀን ቴንቻን ለምነው ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጧት። የአባት ምርቃቱን እሷ አነበበች፣ እሳቸው ተናገሩት፣ ሙሽሪት አለቀሰች። ሚስታቸው ዶኛ አምፓሮ ስትቀበርም እንዲሁ ሆነ። ዝናብ እያካፋ ቴንቻ ከጥድ ሥር ቆማ፣ ማይክሮፎኗን በሻርፗ ሸፍና “ደህና ሁኚ የኔ ፍቅር” አለች፤ እሳቸውም አሉ። የዚያን ቀን ያለቀሰችው ለማን እንደሆነ እሷም አልለየችውም። ሲመለሱ መኪና ውስጥ “ያላንቺ እኮ ዲዳ ነኝ፣ ቴንቻ” አሏት። እሷም ያለሳቸው ዲዳ ነበረች፤ ይህን ለመናገር ግን ማን ያንብብላት? ትወዳቸው ነበር ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አለ፤ ለሳምንት አኩርፋዋለች፤ እኔም እዚሁ ላይ ልተወው።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ስልክማ ድሮም ነበረ፤ መዳፍ ውስጥ ገብቶ ድራማ ማሳየት ሲጀምር ነው ጣጣው። ከስቱዲዮው አዳራሾች አንዱ የወንበር መጋዘን ሆነ፣ ሌላው ታሽጎ በሩ ላይ ድመት ወለደችበት። ቴንቻ ጠዋት በሚኒባስ ስትመጣ፣ ድሮ ስለትናንቱ ክፍል ሲንጫጩ ይሰሙ የነበሩ ሴቶች አሁን አንገታቸውን ደፍተው አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ብቻ ይገፋሉ። ምን እንደሚያዩ ሰርቃ ታያለች፤ እሷ ሳትጨርሰው ይገፉታል።

ምሳ ቤት ውስጥ ክርክሩ የዘወትር ነበር። ዋናው ተከራካሪ ቾን የሚሉት የመብራት ሠራተኛ ነው።

“ቴሌቪዥን አይሞትም!” አለ አንድ ቀን ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ እየጠቀለለ። “ሲኒማ ሲመጣ ቲያትር ሞተ ተባለ። ቴሌቪዥን ሲመጣ ራዲዮ ሞተ ተባለ። ሞተ እንዴ?”

“አልሞተም” አለች ቴንቻ። “ታክሲ ውስጥ ያስታምሙታል።”

“ሟርተኛ ነሽ! ሰው ታሪክ ይወዳል፣ ታሪክ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። በአንድ ደቂቃ ምን ይወራል?”

“ባል ይገባል፣ ሚስት በጥፊ ታጮለዋለች፣ አለቀ። እኛ እሱን ጥፊ ለማድረስ ክረምት ከበጋ ነው የምንለፋው።”

“ግን ሲደርስ ይጣፍጣል!”

“ይጣፍጥ ነበር በል፣ ቾን። ልጅህ የኛን ድራማ ታያለች?”

ቾን ቶርቲያውን በአንድ ጊዜ ጎረሰው። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ፤ እነሱ ጨዋታውን እያደመቁ ምሳቸውን ይበሉ ነበር።

የዶን ሊሳንድሮ ነገር የጀመረው በቀብር ትዕይንት ነው። በድራማው ልጃቸው ሞቶ ሬሣ ሣጥኑ ላይ ተደፍተዋል። ቴንቻ “ልጄ ሆይ፣ እኔን ያስቀድመኝ” አለች፤ እሳቸውም አሉት፤ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ በደረቁ ድምፅ “ወደ ግራ ይዙሩ፣ ወደ መብራቱ” ስትላቸው፣ ዶን ሊሳንድሮ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ “ወደ ግራ ይዙሩ! ወደ መብራቱ!” ብለው ጮኹ።

ሣጥን ውስጥ የተኛው ሬሣ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ዳይሬክተሩም ቀልድ መስሎት አጨበጨበላቸው። ቴንቻ ግን በመስታወቱ ዓይናቸውን አየች። ዓይናቸው ቀጣዩን ቃል እየጠበቀ ነበር እንጂ የቀልድ ምልክት የለበትም። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆነውባቸዋል። 

ለማንም አልተናገረችም። የዳሯት ልጃቸው ሞንቴሬይ ከተማ ነች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ በስልክ ደግሞ ዶን ሊሳንድሮ ከማንም የተሻሉ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ቴንቻ በጆሯቸው ትእዛዝ መስጠቱን ጨርሳ ተወች። የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቀይ ፕላስተር ትለጥፋለች። አብራቸው ለምትተውነው ሴት “ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ክንዳቸውን ያዝ እያደረግሽ ውሰጂልኝ” ትላለች። የምትመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸኛው ድራማ ማንም ሳያውቅባቸው እንዲያልቅና ስማቸውን እንደያዙ ቤታቸው እንዲገቡ።

ጣቢያው ድራማውን እመሀሉ ላይ ቆረጠው። ደራሲው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚዳረውን ድሮ፣ የሚሞተውን ገድሎ፣ የሚታረቀውን አስታርቆ መጨረስ ነበረበት። በመጨረሻው ቀን፣ ቀረጻው ገና ሳያልቅ፣ አናጢዎች የባለርስቱን ቤት ከኋላ በኩል ማፍረስ ጀምረው ነበር። ዶን ሊሳንድሮ ሰገነቱ ላይ ቆመው የድራማ ልጃቸውን ይመርቃሉ። እንደ ድሮው ለግርማ ሞገስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ደግመውም አሉ። ቀይ ፕላስተሩን አለፉት። የኋላው ደረጃ ጠዋት ተነቅሎ ተወስዷል።

ቴንቻ ምን ታድርግ? ከመስታወቱ ጀርባ ሮጣ አትደርስም።

“ዶን ሊሳንድሮ፣ ይቁሙ! ከኋላዎ ደረጃ የለም!”

ቆሙ፤ አንገታቸውን አቀኑ፤ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው ከታች ለቆመችው ሙሽራ፣ ከሆድ በሚወጣው በዚያ ድምፅ “ዶን ሊሳንድሮ፣ ይቁሙ! ከኋላዎ ደረጃ የለም!” አሏት። ነፍሳቸው ተረፈች። ግን ከሠራተኞቹ አንዱ በስልኩ ቀርጾት ነበር።

በሁለት ቀን ውስጥ ያላየው ሰው አልቀረም። ኳስ ተጫዋች ጎል ሲስት “ከኋላዎ ደረጃ የለም!”፤ ሚኒስትር ከሥልጣን ሲወርድ “ከኋላዎ ደረጃ የለም!”፤ ሙሽራ ቀለበት ሲጥል ያው ነው። በዓመቱ ውስጥ ለድራማው የለፉበት ሁሉ ተደምሮ ይህችን ቅንጣቢ ያህል ተመልካች አላገኘም። ጎረምሶች መንገድ ላይ ሲጮኹባቸው ዶን ሊሳንድሮ ባርኔጣቸውን እያነሱ እጅ ይነሳሉ። “አየሽ፣ ሰዉ አልረሳኝም!” አሏት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሳቸው ጆሮ ደግሞ ከዚያም የባሰ ባዳ ነበር።

ያዲራ የመጣችው ስቱዲዮው ቴንቻን ካሰናበታት በኋላ ነው። ድሮ ቴንቻ አጠገብ ቁጭ ብላ ገጽ የምትገልጥላት ልጅ ነበረች፤ አሁን ናርቫርቴ ሰፈር ቤት ተከራይታ ለስልክ የሚሆን የአንድ ደቂቃ ድራማ ትሠራለች። ከዳቦ ቤት ጣፋጭ ዳቦ ይዛ ገባች።

“እትዬ ቴንቻ፣ ዶን ሊሳንድሮን ላሠራቸው ነው።”

“ምን ድራማ?”

“ድራማ እንኳ አይደለም። ሱፋቸውን ለብሰው ይቆማሉ። እርስዎ በጆሯቸው ይነግሯቸዋል፣ እሳቸው ይሉታል።”

“ምኑን?”

“የተገኘውን። ቲማቲም ተወደደ፣ ካልሲዬ ጠፋ… ምንም ይሁን። ዋናው ከልባቸው ማለታቸው ነው። ሰው የወደደላቸው እሱን ነው።”

“የሳቀባቸው በይ።”

“ሳቅም ፍቅር ነው እኮ፣ እትዬ።”

“ባንቺ ቢሳቅ ፍቅር ትይው ነበር?”

“በኔማ ማን ይስቃል!” አለች ያዲራ፤ ድምፏ ሰለለ። “ሌት ተቀን እሠራለሁ፣ አያዩኝም። ሰው ጣቱን ወደ ላይ ገፋ ካደረገ አበቃ፤ እዚህ ማንም ማንንም አይጠብቅም። እርስዎ ያስተማሩኝን እኮ አልረሳሁም፤ የሚገዛኝ አጣሁ እንጂ።”

“አላደርገውም። ሂጂ፣ ሌላ ፈልጊ።”

“እርስዎ እንቢ ካሉ ረዳቴ ታነብላቸዋለች። እሳቸውማ እሺ ብለዋል።”

ያዲራ ወጥታ በሩ ሳይገጠም ስልኩ ጮኸ።

“ቴንቻ! ጠሩኝ እኮ! ይጠሩኛል አላልኩሽም?”

“ብለውኛል፣ ዶን ሊሳንድሮ።”

“ሱፉን አስተኩሼዋለሁ። ክራባቱስ የቱ ይሻላል?”

“ሰማያዊው።”

“ሰማያዊው” አሉ በሚያምረው ድምፃቸው፤ ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ቁም ሳጥን ሲከፍቱ ተሰማት። “ቃሉን ግን ማን ይነግረኛል?”

ቴንቻ ዳቦውን አየችው፤ ግንባሯን በእጇ ያዘች። በማያውቁት ድምፅ የሚያስቸግራቸውን ሌላ ሰው ጆሯቸው ውስጥ ከማስገባት የሷ ይሻላል ብላ አሰበች። ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ ለመጠራት የጓጓችው እሷም ነች።

“እኔ እነግርዎታለሁ” አለች።

ቀረጻው የተከራዩት ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። አንድ ስልክ በቁሙ እንጨት ላይ ታስሯል፤ ከፊቱ ክብ መብራት። ቴንቻ ኩሽናው ውስጥ ትቀመጣለች፤ በተከፈተው በር ጀርባቸውን ታያለች። “ካልሲዬ! አንተ ከሃዲ! መንታህን ጥለህ ወዴት ሄድክ?” ትላለች በዚያ ጨው በሌለው ድምፅ፤ ዶን ሊሳንድሮ ካልሲውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይንሰቀሰቃሉ። ያዲራና ሜካፕ ሠሪዋ አፋቸውን በፎጣ ያፍናሉ። ሲጨርሱ ወደ ኩሽናው ዞረው “እንዴት ነበርኩ?” ይሏታል።

“እንደ ድሮው” ትላለች። ሁልጊዜ መልሷ ይህ ነው፤ ሁልጊዜም ቤቷ ስትገባ ራት አይበላላትም።

አንድ ቀን አልቻለችም። ያዲራ የሰጠቻትን ወረቀት ገልብጣ፣ ዶን ሊሳንድሮ አፍቃሪ በነበሩበት ዘመን ከባቡር ጣቢያ የሚሰናበቱበትን ንግግር ከልቧ አወጣችው። እሳቸው ረስተውታል፤ እሷ ግን ለሳቸው ያነበበችውን መቼ ረስታ! “የምሄድበትን አላውቅም” አለች። “የምሄድበትን አላውቅም” አሉ። “ሳትኖሪ የሚነጋውን ጠዋት ግን ከወዲሁ አውቀዋለሁ።” አሉት። ትከሻቸው ተቃና፣ አርባ ዓመት ከላያቸው ወረደ። ሜካፕ ሠሪዋ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። ያዲራ ፎጣውን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር፤ በዚህኛው ሳቅ የለበትም።

“ሳልቆርጠው እለቀዋለሁ፣ እትዬ። ማን ያውቃል?” አለች። በዚያች ቅጽበት ቴንቻም ማን ያውቃል አለች፤ ቾንም ትዝ አላት፤ ሰው ታሪክ ይወዳል የሚለው።

በማግስቱ ያዲራ ስልኳን አሳየቻት። ተመልካቹ እስከ የት እንደቆየ የሚያሳየው መስመር ከላይ ተነስቶ ወደ ገደል የተለቀቀ ድንጋይ ሆኗል።

“እዚህ ጋ ነው የሄዱት” አለች ያዲራ በጥፍሯ እያሳየች። “ገና ‘የምሄድበትን’ ሲሉ።”

“ቆይተው ቢያዩት—”

“ቢቆዩማ ያለቅሱ ነበር። አይቆዩም።”

ቴንቻ ተናዳ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ የሚናደዱበት ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ካልሲውም ቲማቲሙም ተለመደና ሰዉ እሱንም መግፋት ጀመረ። ያዲራ ጠንከር ያለ ነገር ፈለገች። የሰጠቻት ወረቀት ላይ “አምፓሮዬ ገበያ ወጥታ ቀረች! ያገኛችኋት፣ እሷን ተዉአት፣ ቲማቲሙን ላኩልኝ!” ይላል።

“ይኼን አላነብም።”

“ሚስታቸው እንደነበረች ሰው በምን ያውቃል?”

“እሳቸው ያውቃሉ።”

“እሳቸውማ…” ብላ ያዲራ ወረቀቱን አየች። ሁለቱም ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት ዶን ሊሳንድሮ ቴንቻን “አምፓሮ ምሳ በላች ወይ?” ብለዋታል፤ “በልታለች” ብላቸዋለች። ቢናገሩት አያማቸውም፤ ለዚህም ነው ቴንቻን ያመማት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ሞፈሩን የምትቆርጠው ግን የሷ ምላስ ልትሆን ነው።

“ይነሱና ረዳቴ ታንብበው” አለች ያዲራ በለሆሳስ። ቴንቻ ማይክሮፎኑን በመዳፏ ጨብጣ ያዘችው፤ ከወንበሩም አልተነሳችም። ሳሎን ውስጥ ስልኩ መቅረጽ ጀምሯል።

ዶን ሊሳንድሮ ሰማያዊ ክራባታቸውን አስተካክለው፣ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ። ቃሉ አልመጣም። ጠበቁ። እንደ ጨዋ ሰው፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቁ። ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊታቸው ለቀቀ። እጃቸውን ግን አላወረዱትም። በዕድሜያቸው ሙሉ ባዶ ጆሮ ይዘው ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም። ያዲራም “አቁሙ” አላለችም።

ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ ማንም ያላቀበላቸውን ቃል ተናገሩ። የወጣውም የዶን ሊሳንድሮ ግርማ ያለው ድምፅ አልነበረም፤ ቀጭን፣ የሽማግሌ ድምፅ ነው።

“ቴንቻ… አለሽ?”

መዳፏ ከማይክሮፎኑ ላይ ወረደ።

“አለሁ” አለች።

ዶን ሊሳንድሮ አንገታቸውን አቀኑ።  ወደ ስልኩ ዞረው፣ ድሮ አገር በሚያስነሳው በዚያ ድምፅ፣

“አለሁ!” አሉ።

ከዚያም ወደ ኩሽናው ዞረው “እንዴት ነበርኩ?” ብለው ጠየቁ። ቴንቻ “እንደ ድሮው” ለማለት አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም።

ያዲራ የተቀረጸውን እንዳለ ለቀቀችው። ምን አስባ እንደሆነ እሷም በቅጡ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ መልሳ አጠፋችው፤ ዶን ሊሳንድሮም ከዚያ ወዲያ አልተጠሩም። ቴንቻ መሣሪያዋን ልትወስድ ስትመጣ ያዲራ ስልኳን አየት አደረገችና ራሷን ነቀነቀች።

“ዝምታው ላይ ነው የጣሉን” አለች። “ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ‘አለሁ’ እስኪሉ ድረስ የቆየ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን ይሆን?”

ቴንቻ ማይክሮፎኗን በሻርፗ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እስከ መጨረሻው ያየችበትን የራሷን ስልክም ከላዩ አስቀመጠች።